እኔና ሚክሰሩ፦ ከጥር እስከ ቅበላ

ጥር 2 ቀን 2017፣ ዓርብ

ሄለን ይህን ደብተር የሰጠችኝ ለመስቀል ነው። "አባዬ፣ የባንዱን ጉዳይ ሁሉ በቃልህ ይዘህ ከምትጨቃጨቅ ጻፈው" አለችኝ። እኔ አልጨቃጨቅም። ትክክል ስሆን ደጋግሜ እናገራለሁ እንጂ። ይሁን፤ የሠርጉ ወር ገብቷል፤ ጀመርኩ።

ደብተር ነውና ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ለማያውቀን ልጻፍ። አሰላ ላይ የቅዳሜ ባንድ ማለት አራት ሰው ነው። ፀዲ ትዘፍናለች፤ ሥራዋ ነርስ ነው። ናቲ ኪቦርድ ይጫወታል፤ በአዘቦት ቀን ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፋል። ፍሰሐ ድራም ይመታል፤ አባቱ የእህል ነጋዴ ስለሆኑ ዕቃችን የሚጓዘው በእሳቸው አይሱዙ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ እንደሻው፣ የፊዚክስ አስተማሪ። ድምፁን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ሚክሰሩም፣ የሁሉም ድምፅ የሚያልፍበት ባለ ቁልፍ ሳጥን፣ የኔ ነው። ሦስቱንም አስተምሬያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ባንድ ውስጥም ጋሼ ነኝ። ቅዳሜ የተባልነው የምንለማመደው ቅዳሜ ስለሆነ ነው፤ በአዘቦት ቀን ሁሉም እንጀራው ላይ ነው።

እስከ ቅበላ አራት ሠርግ ይዘናል። ከዚያ ጾም ነው፤ ሠርግ የለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኔ ዜማ የሚባል አልተሰጠኝም። ሳንጎራጉር ሚስቴ በቀለች በር ትዘጋለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ እንኳ አልለመደችውም። ሚክሰሩ ኋላ ስቆም ግን ሌላ ሰው ነኝ። ፀዲ ትንፋሿ ሲያጥር አውቃለሁ፤ ናቲ ሲሰንፍ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ እኔ አንድም ሠርግ አልተጫወቱም። ከዚያ ቦታ የሚነቅለኝ ሞት ብቻ ነው።


ጥር 4፣ እሑድ

ኢተያ። ሠርጉ ያማረ ነበር። ስንዴው ገብቷል፤ የሰው ፊት ፈክቷል። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ነበርን፤ መብራት ሁለት ጊዜ ብቻ ጠፋ።

ድምፁ ግን ታፍኖብኝ ዋለ። የፀዲ ድምፅ በጋቢ የተጠቀለለ ይመስላል። ትሬብሉን ጨመርኩ፤ ማለት ቀጭኑን ድምፅ። አሁንም ታፈነ። ጨመርኩ። ከስፒከሩ ፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ። ኢተያ እኮ ንፋስ አለ።

ፍሰሐ በዕረፍት ሰዓት መጥቶ "ጋሼ፣ ትንሽ አልሾለም?" አለኝ።

"አንተ ድራምህን ምታ" አልኩት። ሄዶ መታ።


ጥር 6፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት መልስ ሁለቱንም ስፒከሮች ፈታኋቸው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር የተቃጠለች መስሎኝ ነበር። በቴስተር ለካኋት፤ ደህና ናት። የሌላኛውንም ለካሁ፤ ደህና። ቴስተሩም እንግዲህ አርጅቷል።


ጥር 8፣ ሐሙስ

ከቤታችን ጓሮ ባህር ዛፉ ላይ በየማለዳው ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ዘንድሮ ጠፍተዋል። ለበቀለች ነገርኳት። እንጀራ እየቆረሰች ቀና ብላ አየችኝ። "ጠፍተዋል?" አለች። "አዎ፣ ብርዱ ይሆናል" አልኩ። ሆድ የባሳት ትመስላለች፤ በወፍ ሆድ ሲብሳት አይቻት አላውቅም።

ማታ በቴሌቪዥኑ ተጨቃጨቅን። ድምፁን ዝቅ አድርግ ትለኛለች፤ ዜና አንባቢዎቹ ደግሞ እንደ ድሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም።


ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ጠዋት ልምምድ ነበረን፤ የምንለማመደው የፍሰሐ አባት መጋዘን ውስጥ ነው። ገመድ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ከማዳበሪያው ክምር ወዲያ ሦስቱ ያወራሉ።

ፍሰሐ፦ "አንተ ንገረው።"

ናቲ፦ "እኔ? ዓይኑን ሳይ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል።"

ፍሰሐ፦ "ሄለንስ ታውቃለች?"

ናቲ፦ "ታውቃለች። አልቅሳለች።"

ፀዲም የሆነ ነገር አለች፤ አልያዝኩትም፤ ይቺ ልጅ ስትዘፍን እንጂ ስታወራ ትንፋሽ ብቻ ነች። ገመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ አሳልኩ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ማይክ መፈተሽ ጀመሩ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ናቲና ሄለን። የኔ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ የምትሠራ፤ ለኪቦርድ ተጫዋች። ልጁ ክፉ አይደለም። ግን በአስረኛ ክፍል የኦም ሕግን ሦስት ጊዜ ተሳስቶብኛል፤ ይህን አልረሳም።


ጥር 12፣ ሰኞ

ሄለንን "ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር አለ?" አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አባዬ፣ ጆ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። "ተይው፣ አውቄዋለሁ" አልኳት። "አውቀኸዋል?" አለች። "አባት እኮ ነኝ።" መጥታ አቀፈችኝ። ጉድ ነው! ይህን ያህል ትወደዋለች ማለት ነው።


ጥር 14፣ ረቡዕ

ዛሬ የድምፅ ሞገድ አስተማርኩ። ይህን ትምህርት ስለምወደው ሁልጊዜ በሙከራ ነው። ስልኬን ከትንሽ ስፒከር ጋር አያይዤ ከሁለት መቶ ኸርዝ ጀመርኩ። "የሚሰማው እጁን ያንሳ፣ ሲጠፋበት ያውርድ።" ሠላሳ ስምንት እጅ ወጣ። ከፍ አደረግሁ፤ ከፍ አደረግሁ። አምስት ሺሕ ላይ ስደርስ ስልኩ ተበላሸ። ድምፁ ጭጭ አለ።

እጆቹ ግን አልወረዱም።

"እጅ አውርዱ፣ ተቋርጧል" አልኩ።

አበባ የምትባል ፊት የምትቀመጥ ልጅ አለች። "ቲቸር፣ ኧረ ይሰማል! ጆሮ ይበሳል እኮ።"

"ያልሰማችሁትን ሰማን አትበሉ" አልኳቸው። "ፊዚክስ በጓደኛ ተማክሮ አይሠራም።" አንድ በአንድ አወረዱ። ግን እየተያዩ ነው ያወረዱት። አበባ መጨረሻ አወረደች፤ ያየችኝ አስተያየት አልተመቸኝም።

ስልኩን ማሳየት አለብኝ።


ጥር 18፣ እሑድ

ዴራ። ሙቀት። ከአሰላ ጃኬት ለብሰን ወጥተን እዚያ በካናቴራ ቀረን።

ዕቃ ስዘረጋ ምን አየሁ? ከሚክሰሩ ሥር ባለው ኢኳላይዘር፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚያመጣጥነው ላይ፣ የቀጭኑ ድምፅ ቁልፎች በሙሉ፣ ሁሉም፣ ቁልቁል ወርደዋል! እኔ እዚያ አስቀምጬያቸው አላውቅም።

"ማነው የነካው?"

ፀዲ ገመድ መፍታት ጀመረች።

ናቲ "መንገዱ አንቀጥቅጦት ይሆናል ጋሼ" አለ።

"የዴራ መንገድ ቁልፍ እየመረጠ ነው እንዴ የሚያንቀጠቅጠው?" ሙሽሮቹ ሳይመጡ፣ በዘመድ ፊት ጮህኩ። ፍሰሐን "አንተ ነህ፣ ዕቃ የምትጭነው አንተ" አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ።

ጭፈራው ደምቆ ነበር፤ የአርሲ ጭፈራ ሲመጣ ድንኳኑ ሁሉ ተነሳ፤ ሽማግሌው ሁሉ ዱላውን ይዞ። ደስ አለኝ። ይህን ሳይ ነው ሌላው ሁሉ የሚረሳኝ። ፀዲ ግን ከዘፈኑ መሐል ወርዳ ራሷን ይዛ አይሱዙው ውስጥ ተኛች። "ራሴን ነው" አለች። ነርስ እኮ ነች፤ ውኃ መጠጣት ማን ያስተምራታል?


ጥር 19፣ ሰኞ

ፍሰሐ ላይ መጮህ አልነበረብኝም። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ እጮኛው እዚያ ነበረች። ስልክ ልደውልለት አነሳሁና ተውኩት። ምን ልበለው?


ጥር 25፣ እሑድ

ኦጎልቾ። ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰው ከድንኳኑ መውጣት ጀመረ። ውጪ መጠጥ የቀረበ መሰለኝ። አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ድምፁ ለኔ ጥሩ ነበር፣ እንዲያውም ከሰሞኑ የተሻለ። ድንገት ናቲ ኪቦርዱን ጥሎ፣ ዘፈኑ መሐል፣ በሰው መሐል ሮጦ መጣና እጁን ሰዶ የማይኩን ድምፅ ቁልቁል አወረደው።

የኔን ሚክሰር። እጄ ሥር።

"እጅህን አንሳ!" አልኩት። ሁሉም ሰማ፤ ማይክ አያስፈልገኝም።

"ያፏጫል ጋሼ! ያፏጫል እኮ!" አለ። ፊቱ ላይ ላብ አለ።

"ምንም አያፏጭም።"

ከዚያ "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ ተመለሰ። ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ፤ ግማሹ ሰው ግን አልተመለሰም።

ሁልጊዜ ከሠርግ ስንመለስ ፀዲ ስለ ሙሽራው ሚዜዎች ትቀልዳለች፣ እንስቃለን። ዛሬ እስከ አሰላ አይሱዙው ብቻ ነበር የሚያወራው። ናቲ ልጄን እፈልጋለሁ ብሎ በዚህ መንገድ ከሆነ የሚቀርበኝ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ያፏጫል አለ። ማይክ ሲያፏጭ አላውቅም እኔ? ሰባት ዓመት!


ጥር 27፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ አፀደ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ጎረቤታችን ናቸው፤ የየካቲት 16ቱ ሠርግ የልጃቸው ነው።

"ጋሽ እንደሻው፣ እንዳትቀየመኝ። የኦጎልቾውን ሰምቻለሁ። የኔ እንግዶች ጆሯቸውን ይዘው የሚወጡ ከሆነ ሌላ ባንድ እጠራለሁ።"

"ማን ነው ያወራልዎት?"

"ማን ያላወራልኝ አለ ልጄ?"

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ልጄ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ አልጣመኝም። ባንዱ በኔ ምክንያት ሠርግ ሊያጣ? ዕቃው ሳይሆን አይቀርም። ዕቃ ያረጃል። አዲስ ስፒከር ቢኖረን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።


ጥር 30፣ ዓርብ

በቀለች "እሑድ የትም እንዳትሄድ፤ ሰው ይመጣል" አለችኝ።

"ምን ሰው?"

"ትላልቅ ሰዎች" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ደረሰ። ሽማግሌ ልኳል። በዚህ ሰሞን፣ ከኦጎልቾ በኋላ! ድፍረቱ ይገርማል። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ አልከፋኝም። አባቴም እናቴን ሲጠይቅ አያቴን አስቀይሞ ነበር ይባላል። ሁለት ቀን አለኝ፤ ምን እንደምመልስ አስባለሁ። ሱፌን በቀለች ትተኩሰው።


የካቲት 2፣ እሑድ

ከየት ልጀምር?

አምስት ሰዓት ላይ መጡ። አቶ ገብረ መድህን፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ የእድራችን ሊቀመንበር። አቶ ይበልጣል፣ የቀድሞ ርዕሰ መምህሬ። ሐጂ ከድር፣ የሕንፃ መሣሪያ ባለሱቁ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር የሚያውሱን። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በወጉ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ገብረ መድህን። ልክ ነው፤ ደንቡ ይኸው ነው። ደረቴን ነፋሁ።

"እንደሻው፣ ልጆች ናቸው የላኩን። ከዚህ ቤት የሚወዱት፣ የሚያከብሩት አንድ ነገር አለ። እንዳታሳፍረን ብለን ነው የመጣን።"

አላስጨረስኳቸውም። ሁለት ቀን ሙሉ ያጠናሁትን ዘረገፍኩት። "አባቶቼ፣ ለምን እንደመጣችሁ ገብቶኛል። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልክድም። እኔ ራሴ ያስተማርኩት ነው። ግን ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ደግሞ ኦጎልቾ ላይ ያደረገኝን አድርጎኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ ልጄን ስጠኝ ብሎ ሽማግሌ መላክ..."

ሦስቱም ተያዩ።

"የቱ ልጅ?" አሉ አቶ ይበልጣል።

"ናቲ ነዋ!"

ሐጂ ከድር ሳል ያዛቸው። አቶ ገብረ መድህን ወለሉን አዩ። ጓዳ ውስጥ ሄለን "ኧረ በማርያም! ናቲ?" ስትል ሰማሁ፤ እሱን እንኳ ሰማሁ።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ከድር፣ "እኛ የመጣነው ለሚክሰሩ ነው።"

መጀመሪያ የተሰማኝን ብጽፍ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። "ታዲያ ልጄ ምን ጎድሏት ነው?" አልኩ። ከአፌ ወጣ። ቀጥሎ ነው ደሜ የፈላው። ለአንድ ሳጥን ሦስት ሽማግሌ! ቤቴ ድረስ! "ማን ነው የላካችሁ? የገዛ ተማሪዎቼ? አፍ የላቸውም?"

"አፍ አላቸው፤ አቃታቸው" አሉ አቶ ይበልጣል። "ፍሰሐ ሦስት ጊዜ ሊነግርህ ቤትህ መጥቶ፣ ስለ ድራም አውርቶ ተመልሷል። ናቲ ከመስከረም ጀምሮ በየሠርጉ አንተ ሳታይ ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል። አስተማሪያቸው ነህ። ፊት ለፊትህ ቆመው ጆሮህ ደክሟል ማለት ከየት ይምጣላቸው?"

"ጆሮዬ ምን?"

በቀለች ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሄለን ከኋላዋ።

"አንቺም?" አልኳት በቀለችን።

"እኔማ ካወቅሁ ዓመት አለፈኝ" አለች። "ወፎቹ እኮ አሉ፣ እንደሻው። በየማለዳው አሉ።"

ሠላሳ ስምንት እጅ ነበር የታየኝ። አይ ስልኩ! ስልኩን እኮ ወስጄ አሳይቻለሁ፤ "ምንም የለበትም" ብሎኝ ነው ጠጋኙ የመለሰልኝ። እሱን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

ሐጂ ከድር ጠጋ አሉኝ። "መኪና መንዳት የተውኩት በራሴ ይመስልሃል? ዓይኔ ከድቶኝ የሰው አጥር ስገነድስ ልጆቼ ሽማግሌ ላኩብኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይኼ ይበልጣል ነበር። ለአንድ ወር አላናገርኩትም። ዱጋ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ጠይቀው።"

"ሁለት ወር ነው" አሉ አቶ ይበልጣል።

ልጁን የተጠየቀ አባት መጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። እኔም አላልኩም። የሳምንት ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ያኔ ተቀመጡ፤ ምሳ በሉ። እኔ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም።


የካቲት 3፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም ገባ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ የልጆቹን አፍ ሳይ ዋልኩ። ለካ አፋቸውን እያየሁ ነው የምሰማቸው። ከመቼ ጀምሮ ይሆን?


የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ተናድጃለሁ። በቀለች ላይ፣ በሁሉም ላይ። አንድ ዓመት ሙሉ እያወቁ! የፀዲስ ራስ ምታት? ያቺ ልጅ ስንት ጊዜ ራሷን ታማ እኔ ውኃ ጠጪ አልኳት።

አይ፣ የተናደድኩት በራሴ ነው። ሞገድ አስተምራለሁ እኮ እኔ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥር አራት ላይ እነግረው ነበር።


የካቲት 6፣ ሐሙስ

አዳማ። ፀዲ ናት ሐኪሟን ያገኘችልኝ፤ ሄለን አብራኝ ሄደች።

ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ፤ ሲሰማህ ይህን ቁልፍ ተጫን ተባልኩ። በመስታወቱ ሐኪሟ ትታየኛለች። አስተማሪ ነኝና ተማሪ እንዴት እንደሚኮርጅ አውቃለሁ፤ የትከሻዋን እንቅስቃሴ እያየሁ መጫን ጀመርኩ። አራት አምስት ጊዜ ሠራልኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ፈገግ አለችና ወንበሯን አዞረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዝምታ ነበር። ቁልፉን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ግራፍ ነው። መስመሩ ደህና ሄዶ ሄዶ ከሦስት ሺሕ በኋላ ይወድቃል። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ተከተልኩት፤ ሁለቱም ጆሮ አንድ ናቸው። ሐኪሟ "ብዙ ጊዜ ትልቅ ድምፅ አጠገብ ይቆማሉ?" አለችኝ። ሄለን ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅሁ። ሰባት ዓመት ከስፒከር ጎን! የጆሮ መሣሪያ እንዳደርግ ነገረችኝ። አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። እሱ ሌላ ቀጠሮ ነው።

በመልስ መንገድ ኢተያን ስናልፍ ሄለን ትከሻዬ ላይ ተኛች። ደህና ነኝ። የሚገርመው ነገር፣ ደህና ነኝ። ሲብላላ የኖረ ነገር ወጣልኝ መሰለኝ።


የካቲት 9፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። አሁንም ቆሙ።

"መልሴ እሺ ነው" አልኩ። "ግን በወጉ ነው የምሰጠው፤ ለማን እንደምሰጥ የምመርጠው እኔ ነኝ።"

"ይገባሃል" አሉ አቶ ገብረ መድህን።

"ናቲ እጁ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ ፍሰሐ ድራሙ ላይ። ሚክሰሩ ላይ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነው የሚቆመው። ሄለን ትቁም። አስራ አንደኛ ክፍል ሆና ገመዴን የጠቀለለችው እሷ ናት፤ ቤት ውስጥ ማይክ ስሞክር ከመኝታ ቤት ሆና አባዬ ቀንስ የምትለኝም እሷ ናት። ቀንስ ስትለኝ ልክ ነበረች፣ አሁን ነው የገባኝ።"

ሄለን አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ገብረ መድህን እያዩኝ "እንግዲህ ሚክሰር ጠይቀን ልጅ ተሰጠን" አሉ። ሐጂ ከድር እስኪያስላቸው ሳቁ። ቁጭ አሉ፤ መረቁን። ዛሬ እኔም በላሁ።

ናቲ ለካ ውጪ በር ላይ ቆሟል፤ ለመግባት ፈርቶ። ወጣሁ።

"ኦጎልቾ ላይ..." አልኩት።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነኝ..."

"ዝም በል። ይቅርታ ስጠይቅህ አታቋርጠኝ።"

ዝም አለ። ጠየቅሁት። ፍሰሐ ቤት ደግሞ በእግሬ ሄድኩ፤ እጮኛውም ስለነበረች እሷ ፊት ጠየቅሁት፤ የጮህኩት እሷ ፊት ነበርና። ለወይዘሮ አፀደም ሚክሰሩ ላይ ልጄ እንደምትቆም ነገርኳቸው። "አንተስ?" አሉኝ። "እኔ እንግዳዎ ነኝ" አልኳቸው።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሄለን ከሥራ ስትወጣ መጋዘኑ ድረስ እየሄድን ነው። ገመድ፣ መብራት፣ ጀነሬተር፣ ሰው እንዳይረግጠው ገመዱ የት እንደሚያልፍ፤ ይኼን ሁሉ እኔ አሳያታለሁ። ቀጭኑን ድምፅ ስትነካ ግን ዞር እላለሁ። ዛሬ "አባዬ፣ አሁን እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ልምድ ሆኖባት። "እኔን አትጠይቂኝ፣ ራስሽን ጠይቂ" አልኳት። ፀዲ ሙሉ ሁለት ሰዓት ዘፈነች፤ ራሷን አላመማትም።

ቅናት ይኑርብኝ አይኑርብኝ እያጣራሁ ነው። ትንሽ አለ። ልዋሽ አልችልም።


የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ሱፌን ለብሼ፣ ከበቀለች ጋር፣ እንደ ሰው ከፊት ለፊቱ በር ገባሁ። ሰባት ዓመት ሠርግ ስሄድ የምገባው በጓሮ ገመድ እየጎተትኩ ነበር። ሠርግ ላይ ለካ ወንበር አለ! ምግቡም ለካ ትኩስ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ለኛ የሚደርሰን ሁሉም ከበላ በኋላ ነበር። ነገ ጾም ነውና ጥሬ ሥጋው ፊት ተሰለፍን፤ በቀለች "ሁለተኛ ነው፣ አይበቃህም?" አለችኝ፤ "ለሰባት ዓመቱ ነው" አልኳት።

ሄለን ከሚክሰሩ ኋላ ቆማለች፤ ፀጉሯን አስራ፣ ቀና ብላ። ፀዲ ስትዘፍን ሽማግሌው ሁሉ ከስፒከሩ ፊት ቁጭ ብሎ በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል። ማንም ጆሮው ላይ ነጠላ አልጠመጠመም። ለኔ ታፍኗል፤ ግን የፀዲን አፍና የሰዉን ፊት አያለሁ፤ በሰዉ ፊት ደህና መሆኑን አወቅሁ። ወይዘሮ አፀደ ከሙሽሮቹ ጎን ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

የአርሲው ጭፈራ ሊጀመር ሲል ነው። ፍሰሐ ድራሙን ጀመረ፤ ፀዲ ማይኩን ይዛ ወደ ስፒከሩ ተጠጋች። ድንገት በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። በቀለችም ያዘች፤ ቁርጧን ጥላ። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ እግሬ ግን ሳያስፈቅደኝ ተነሳ። ሰባት ዓመት የለመደ እግር ነው፤ ወደ ሚክሰሩ ሊሮጥ። ቢላዋ በእጄ፣ በሰው መሐል ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

ሄለን ወደ እኔ አላየችም። አንዲት ቁልፍ ብቻ፣ በአንድ ጣቷ፣ ቀስ አድርጋ አወረደች። የሰዉ እጅ ከጆሮው ወረደ። ፀዲ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰች፤ ጭፈራው ቀጠለ። እኔ የምጮህበትን፣ የምሮጥበትን ነገር፣ ልጄ ትንፋሿ ሳይቆረጥ ጨረሰችው። የሄድኩበት ሠርግ ሁሉ ቢቆጠር እንደዛሬ ደስ ያለኝ የለም።

በቀለች ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ።

"ምን ሆንክ? ለምን ተነሳህ?" አለች። ጮክ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ እንድሰማት።

"ልጨፍር ነዋ" አልኳት።

ዋሸሁ። እሷም አወቀች። ግን ቢላዋውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፤ ሁለታችንም ወጣን።